ጎንደር ላይ በእድራችን ነጻ የግፊትና የስኳር ምርመራ ልናደርግ ነው፤ ከምን እንጀምር?

የአዘዞ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ ነው የምኖረው። የሰፈራችን እድር ትልቅ ነው፤ አባላቱም አብዛኞቹ ከአርባ ዓመት በላይ ናቸው። ባለፈው ክረምት ሁለት ጎረቤቶቻችንን በተከታታይ ስትሮክ መታቸው። አንደኛው አረፉ። ሌላኛዋ እናት እስከ ዛሬ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝላቸውም፣ ንግግራቸውም ተይዟል። ሁለቱም ደም ግፊት እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። አንድም ቀን ተለክተው አያውቁም።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንድ አባት «እድራችን ሰው የሚያስታውሰው ሲሞት ብቻ ነው እንዴ?» አሉ። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ነው። እድሩ ከመጠባበቂያው ትንሽ ብር ፈቅዷል፤ አንድ የግፊት መለኪያና አንድ የስኳር መለኪያ እንገዛለን። ሰፈራችን ውስጥ ነርሲንግ የጨረሱ ልጆች አሉ፣ በነጻ እንሠራለን ብለዋል። እኔ ያሰብኩት ለጥምቀት ሰሞን ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ይወጣል፣ ከገጠርም ከውጭም ዘመድ ይመጣል፣ ድንኳን ጥለን ብንለካ ብዙ ሰው እናገኛለን ብዬ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የጉበቱንም የኤችአይቪውንም አብረን እንጨምር ይላል። ወንዶቹን እንዴት እንደምናመጣቸውም ገና አልገባኝም፤ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ አባወራው ግን «እኔ ምን ሆኜ?» ነው የሚለው።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ወይም ያያችሁ ካላችሁ ምከሩን። ምን እናስቀድም? ምንስ እንተው?

ኤክስቴንሽኗ

ወንድሜ ሐሳባችሁ በጣም ደስ ይላል። እኔ እዚሁ ጎንደር የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነኝ። እኛ ቤት ለቤት ስንዞር በሩን የማይከፍትልን ሰው እንኳ እድር ላይ ስሙ ሲጠራ ይገኛል፣ ቅጣት ስላለው። ይህን ጉልበት ተጠቀሙበት።

መሣሪያውን ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጤና ጣቢያ ሂዱና ኃላፊውን አነጋግሩ። የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ግፊት የተገኘበትን ሰው ብንልክላችሁ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ ማን ይቀበለዋል? መድኃኒቱስ አለ ወይ? ይህ መልስ ሳይኖር ሰው ከለካችሁ ጉዳቱ ይበዛል። ሰውዬው «170 ነው» ይባላል፣ ይደነግጣል፣ በማግስቱ ሥራውን ትቶ ይሄዳል፣ ካርድ ክፍል ይሰለፋል፣ ተራው ሲደርስ የዚህ በሽታ ቀን ዛሬ አይደለም ይባላል። ይመለሳል። ሁለተኛ አይሄድም። ለጎረቤቱም «ባልለካ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ያወራል፣ ያ ጎረቤትም አይለካም። ስለዚህ ቀኑን ብቻችሁን አትቁረጡ፣ ጤና ጣቢያው የሚመቸውን ቀን ይምረጥ። ከተቻለ አንድ ባለሙያ ከእነሱ ይምጣ፤ የልጆቹ ፈቃደኝነት መልካም ነው፣ ግን ሥራው በጤና ጣቢያው ስር ቢሆን ለእነሱም ለእናንተም ይበጃል።

ጥምቀትን ተዉት። እኔ ጥምቀትን ከማንም በላይ ነው የምወደው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። በከተራው ሰው ታቦት አጅቦ በፀሐይ ሲሄድ ይውላል፣ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል፣ ብዙው በጥምቀተ ባሕሩ ዙሪያ ሌሊቱን ሲያድር እንቅልፍ የለውም። በማግስቱ ደግሞ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። በዚህ መሀል የሚለካ ግፊት የሰውየውን እውነተኛ ግፊት አይነግራችሁም። ከወገራ ወይም ከደምቢያ የመጣው እንግዳ ቢገኝበትስ? በሦስተኛው ቀን አገሩ ይገባል፣ ማን ይከታተለዋል? የወር እድር ስብሰባችሁ ይበልጣል። ያው ሰው በሚቀጥለው ወርም ይመጣላችኋል።

ኤችአይቪና ጉበትን ድንኳን ውስጥ አትጨምሩ። ምክር አለው፣ ምስጢር አለው፣ ጎረቤት በጎረቤት ፊት የሚሆን ነገር አይደለም። ኤችአይቪ ጤና ጣቢያ በነጻ ይመረመራል፣ ወደዚያ ምሩ። ሳልን ግን ጨምሩ። መሣሪያ አይፈልግም፣ ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው ካለ አክታውን እንዲመረመር ላኩት። የቲቢ ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። ብዙ ሰው «ብርድ ነው» እያለ በፌጦና በዝንጅብል ወር ይጨርሳል፣ እስከዚያ ቤተሰቡን ያስይዛል።

ጡረተኛ ጤና መኮንን

ልጄ፣ እህታችን የተናገረችው ትክክል ነው። እኔ በቀድሞው የጎንደር ጤና ኮሌጅ የተማርኩ ነኝ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት ምክንያቱ ይኸው የእናንተ ዓይነት ጉዳይ ነበር። ከዚያ በፊት ደምቢያን ወባ ፈጅቷት ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በሽተኛው ሆስፒታል እስኪመጣ ከመጠበቅ ባለሙያው ሰፈር ይውረድ ተባለ። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ አንድ ቡድን ሆነው ይሠለጥኑ ነበር፣ ገጠር ወርደውም አብረው ይሠሩ ነበር። አንዱ ያክማል፣ አንዷ እናትና ልጅን ትከታተላለች፣ አንዱ ምንጭና መጸዳጃ ቤት ያያል። ይህ ከተማ ይህን ሥራ ያውቀዋል፤ ከባዶ አትጀምሩም።

አሁን ስለ ልኬታው ልንገርህ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ሰው ወደ ስብሰባ የሚመጣው በእግሩ ነው። ሲደርስ ወዲያው አትለኩት። አምስት ደቂቃ ይቀመጥ። ጀርባው ወንበር ይደገፍ፣ እግሩ መሬት ይንካ፣ እግር በእግር ላይ አይጫን። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ከልቡ ትይዩ ይሁን። ሲለካ አያውራ፣ የሚለካውም አያናግረው። ሽንቱ የመጣበት ካለ መጀመሪያ ይሂድ። ከልኬታው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ቡና የጠጣ ወይም ያጨሰ ይቆይ። እዚህ ላይ ነው የእድር ችግር፣ ቡናው ገና ስብሰባው ሳይጀመር ይቀርባልና። ቡናውን ከልኬታው በኋላ አድርጉት።

ጋቢና ሹራብ ላይ መለካት የለም። እጅጌን ጠቅልሎ ክንድ ላይ እንደ ገመድ ማሰርም ያው ስሕተት ነው፣ ይውለቅ። ወፍራም ክንድ ላለው ሰፊ ማሰሪያ ያስፈልጋል፣ ጠባቡ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። መሣሪያ ስትገዙ የክንድ እንጂ የእጅ አንጓውን አትግዙ። ሁለቴ ለኩ፣ በመሀል አንድ ደቂቃ ይቆይ።

ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በአንድ ቀን ልኬት ብቻ ግን «ግፊት አለብዎት» አትበሉ። «ዛሬ ከፍ ብሎ አግኝተነዋል፣ በሌላ ቀን ጤና ጣቢያ እንድገመው» በሉ። ላይኛው 180 ወይም ታችኛው 120ና ከዚያ በላይ የሆነበት ሰው ደግሞ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊት መጣመም ወይም የእጅ መዛል ካለበት ቀጠሮ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ለዚህ ባጃጁን የሚጠራ ሰው አስቀድማችሁ መድቡ። ምልክት ባይኖረውም በዚያው ቀን ባለሙያ ይየው።

የአዘዞ ልጅ

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን። ቡናውን ጨርሶ አላሰብንም ነበር። እህቴም አመሰግናለሁ፣ ጥምቀቱን ትተነዋል። ጤና ጣቢያ ሰኞ እንሄዳለን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ጤና ጣቢያው ሊቀበል ቢስማማ እንኳ ሰው እንዲሄድ ምን እናድርግ? «እሄዳለሁ» ብሎ የሚቀረው ብዙ ነው።

የእድር ጸሐፊ

እኛ ማራኪ አካባቢ ይህን ሠርተናል። የመጀመሪያው ጊዜ ሰው በብዛት ተለካ፣ ከፍ ያለባቸው ግን ጤና ጣቢያ የሄዱት ጥቂት ነበሩ። ቀጥለን ስንሠራ አሠራሩን ቀየርነው።

አንደኛ ነገር ወረቀት ሰጠን። ስሙ፣ ቀኑ፣ ሁለቱ ልኬቶች፣ የሚሄድበት ቀንና ክፍል ተጽፎ ማኅተም ተደረገበት። የእድር ማኅተም ነው፣ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰው አይጥልም። ጤና ጣቢያው ወረቀቱን ይዞ የመጣውን በዚያ ቀን በቀጥታ እንዲያይ አስቀድመን ተስማማን። ከዚያ ለየመንደሩ አንድ ሰው መደብን፤ ያቺ ሰው በቀጠሮው ዋዜማ ትደውላለች ወይም በሩን ታንኳኳለች። ብቻውን መሄድ የሚፈራውን አብራ ትሄዳለች። ብዙ ሽማግሌ የሚቀረው በእምቢታ አይደለም። መታወቂያው የት እንዳለ አያውቀውም፣ ካርድ ክፍሉ የት እንደሆነ አያውቀውም፣ ልጁ ሥራ ላይ ነው።

ሁለተኛ ነገር ምስጢር ነው። እኛ ጋ አንዱ ልጅ ልኬቱን ጮክ ብሎ ለመዝጋቢው ይነግር ነበር፣ ሰልፉ ሁሉ ይሰማል። አንዲት ልጅ ለጋብቻ የታጨች ነበረች፣ ስኳሯ ከፍ አለ ተብሎ ሰፈሩ አወራው። ሲያሳዝን። ከዚያ በኋላ መጋረጃ ጋረድን፣ ውጤቱ ተጽፎ ብቻ ይሰጣል፣ መዝገቡንም ከጤና ጣቢያው ባለሙያ በቀር ማንም አይዘውም። የእድር ኮሚቴም ቢሆን አያየውም፤ ሊቀመንበሩ ቢጠይቁ እንኳ አይሰጥም።

ለወንዶቹ የሠራልን ነገር ይህ ነው፤ መጀመሪያ የተለኩት የእድሩ ዳኛና የደብሩ አለቃ ናቸው። በሰው ፊት ተቀመጡ፣ ተለኩ። ሌላው ወንድ ምን ይላል? ካህናቱን አታስቀሩ። ከሰንበቴ በኋላ አንድ ቃል ቢናገሩ የእኛን የወር ቅስቀሳ ያህላል። ደግሞም ጠበል ሲሄድ መድኃኒቱን የሚያቆም ብዙ ሰው አለ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ለኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር፤ ካህኑ ይህን ለግፊትና ለስኳርም ቢደግሙት ሰው ይሰማል። በጾም ጊዜ መድኃኒቱን በየትኛው ሰዓት እንደሚወስድ ደግሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ይጠይቅ፣ እንጂ ዝም ብሎ አይተወው።

ላብራቶሪ

ስለ ስኳሩ አለካክ ማንም አላነሣም። ለመጣው ሁሉ ስኳር አትለኩ። ማሽኑ ርካሽ ነው፣ ስትሪፑ (ደሙ የሚነካው፣ ማሽኑ ላይ የሚሰካው ቁራጭ) ግን ውድ ነው፣ አንዳንዴም ከገበያ ይጠፋል። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት የዚያው ማሽን ስትሪፕ ጎንደር ፋርማሲዎች ውስጥ በደንብ መኖሩን አረጋግጡ፤ የአንዱ ማሽን ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ቅድሚያ ስጡ ከአርባ ዓመት በላይ ለሆነ፣ ውፍረት ላለው፣ እናት አባቱ ወይም ወንድም እህቱ ስኳር ላለበት፣ ግፊቱ ከፍ ብሎ ለተገኘ፣ በእርግዝናዋ ስኳር ተገኝቶባት ለነበረች ወይም አራት ኪሎና ከዚያ በላይ ልጅ ለወለደች ሴት። ውሃ ጥም፣ ሽንት መብዛትና ክብደት መቀነስ አለብኝ የሚል ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ይለካ። ልጅ ቢሆንም ይለካ፣ የልጅ ስኳር ሳይታወቅ ቀርቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል።

ጠዋት ምንም ሳይበላ ቢመጣ ይመረጣል፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከምግብ የራቀ። ከ100 በታች ደህና ነው። 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ በላብራቶሪ ይደገም። በመሀል ያለው በሽታው አልያዘውም፣ ግን መንገድ ላይ ነው፤ አመጋገቡንና እንቅስቃሴውን ካስተካከለ ሊመለስ ይችላል፣ ለዚህ ሰው ነው ምክሩ በደንብ የሚያስፈልገው። በልቶ የመጣ ሰው 200ና ከዚያ በላይ ካሳየ ይላክ።

ጣቱን በውሃና ሳሙና ታጥቦ ያድርቅ። ማር ወይም ፍራፍሬ የነካ ጣት ውጤቱን ሰማይ ያደርሰዋል።

ይህን ደግሞ አስምሩበት፤ አንድ መውጊያ ለአንድ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚወጋውን እንደ እስክርቢቶ ያለ መሣሪያ መርፌውን ብቻ እየቀየሩ ለሁሉ መጠቀምም አይፈቀድም፤ ጉበት ቢ የሚባለው ቫይረስ በዓይን በማትታይ የደም ጠብታ ይተላለፋል። አንዴ ተወግቶ የሚጣለውን አይነት ግዙ። ሴፍቲ ቦክስ የሚባለውን የመርፌ መጣያ ሣጥን ከጤና ጣቢያ ውሰዱ፣ ሲሞላም ለእነሱ መልሱ። ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አንዲት መርፌ እንዳትቀር።

የማራኪዋ እናት

ሴቶቹ ይመጣሉ ብለሃል፣ ልጄ። እንግዲህ ከመጡ ግፊት ብቻ ለክታችሁ አትስደዷቸው። ስለ ማሕፀን በር ካንሰር ንገሯቸው። ምርመራው በድንኳን አይሆንም፣ ግን ወሬው በድንኳን ይሆናል።

እኔ የሄድኩት ጎረቤቴ ጎትታኝ ነው። ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ሴቶች የሚፈሩት ስለማያውቁት ነውና። ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነች ሴት ምንም ሳያማት ትመረመራለች፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ደግሞ ከ25 ጀምሮ። ነርሷ ኮምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ በጥጥ ትቀባለች፣ ትንሽ ትጠብቅና ታያለች። ነጭ ነገር ካልታየ ጨረሽ ትባያለሽ። ከታየና ገና ካንሰር ያልሆነ ቁስል ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ያክሙታል። አይቆረጥም፣ አልጋ አትይዢም። ካንሰር እስኪሆን ድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ለዚህ ነው ቀድሞ ማየቱ የሚያድነው። ደም መፍሰስና መጥፎ ሽታ እስኪመጣ የሚጠብቁ እህቶቻችን ግን ዘግይተው ይደርሳሉ። በወር አበባ ጊዜ አይሄዱም፣ ይህንንም ንገሯቸው።

ልጆቻቸውንም አስቡ። የዚህ በሽታ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች ይሰጣል። «መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ሰምቼ ነበር። ልጄ በትምህርት ቤቷ ተከትባለች፣ ነርሷንም ጠይቄ ነው የፈቀድኩት። ክትባቱ የሚከላከለው በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ ነው፣ መውለድን አይነካም። ይህን ከወንድ ልጅ አፍ ሳይሆን ከእኛ ከእናቶች አፍ ቢሰሙት ይቀበላሉ። ሴቶቹን ለብቻ ቁጭ አድርጉልን፣ እኛ እንነግራቸዋለን።

ሳሙና በር

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ እኔ ግን አንድ ፍርሃት አለኝ። አባቴ የግፊት መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ማቆም አልቻሉም። ሰፈር ውስጥም «አንዴ ከጀመርከው አይለቅህም» ይባላል። ጤነኛ የመሰለውን ሰው ሁሉ ለክቶ ዕድሜ ልክ ኪኒን ላይ ማስቀመጥ አይከብድም? ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው እየወሰዱ የሚኖሩ አውቃለሁ። በዚያ ላይ ገንዘቡ።

ጡረተኛ ጤና መኮንን

ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው፣ በእድሩ ላይም ይነሣል፣ ስለዚህ መልሱን ይዘው ይሂዱ። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም። አባትህ የማያቆሙት ግፊቱ ስላልሄደ ነው። ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ምንም ሳይሰማቸው ይወጣል፣ ጭንቅላትን፣ ኩላሊትንና ልብን የሚጎዳው በዚህ መሀል ነው። ራስ ምታት ሲመጣ ብቻ የሚውጡ ሰዎች አሉ፤ ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም።

የተገኘበት ሁሉ ወዲያው ኪኒን ይጀምራል ማለትም አይደለም። ትንሽ ከፍ ያለበትና ሌላ ችግር የሌለበት ሰው መጀመሪያ ኑሮውን እንዲያስተካክል ሊደረግ ይችላል፣ ይህን ሐኪሙ ይወስናል። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች መሆን አለበት፣ ሁሉም ተደማምሮ። እኛ ቤት ጨው በርበሬው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ውስጥ አለ፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ ቀምሶ ደግሞ ይጨመራል። ለሚስት ብቻ መንገር አይበቃም፣ «አልጣፈጠም» የሚለው ባል ነውና አብረው ይስሙ። አረቄና ጠላ መቀነስ፣ ሲጋራ መተው፣ በየቀኑ መራመድ። ነጭ ሽንኩርት ምግብ ነው፣ ይብሉት፤ መድኃኒቱን ተክቶ ግን አይሠራም። የጎረቤትን ኪኒን ተካፍሎ መዋጥም ይቅር፣ ለአንዱ የተስማማው ለሌላው ኩላሊት አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ስለ ገንዘቡ እህታችን ብትመልስ ይሻላል።

ኤክስቴንሽኗ

ገንዘቡን የጤና መድን ይይዘዋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ በዓመት አንዴ ከፍሎ ጤና ጣቢያ ሲታከምም መድኃኒት ሲወስድም እንደገና አይከፍልም። ችግሩ ሰው የሚመዘገበው ሲታመም ነው፣ ያኔ ደግሞ የምዝገባው ጊዜ አልፏል። በልኬታው ቀን አንድ ጠረጴዛ ለዚህ መድቡ። ቀበሌውን ጠይቃችሁ መዝጋቢው ይምጣ፤ ወቅቱ ካልሆነም መቼ እንደሚጀመር ለሰው ይነገር፣ ደብተሩን ያላሳደሰ ያሳድስ። መድኃኒቱ አንዳንዴ ጤና ጣቢያ ላይ ያልቃል፣ ይህን አልደብቃችሁም። ሲያልቅ ሰው ከውጭ ይገዛል ወይም ያቆማል። እናንተ ስንት ሰው እንደምትልኩ አስቀድማችሁ ከገመታችሁላቸው ግን ፋርማሲው ቀድሞ እንዲጠይቅ ይረዳዋል።

የአዘዞ ልጅ

ከኮሚቴው ጋር ተነጋገርን። ኤችአይቪና ጉበት ወጥቷል፣ ሳል ገብቷል። ስኳር ላብራቶሪው እንዳሉት ለተመረጠ ሰው ብቻ። ቡናው ከልኬታው በኋላ። የእድሩ ዳኛ መጀመሪያ እለካለሁ ብለዋል። ለሴቶቹ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ጠይቀናል። እትዬ፣ ፈቃድዎ ከሆነ መጥተው ቢያናግሯቸው እንወዳለን፣ መጓጓዣውን እኛ እንችላለን። ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ምን ይዘን እንሂድ?

ኤክስቴንሽኗ

የአባላቱን ቁጥር በዕድሜ ከፍላችሁ፤ ከአርባ በላይ ስንት እንደሆኑ፣ ከ30 እስከ 49 ያሉ ሴቶች ስንት እንደሆኑ። ስም አትጻፉ፣ ቁጥር ብቻ። በየመንደሩ የሚከታተሉትን ሰዎች ስልክም ያዙ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ይበዛባቸዋል። የእናንተን ቀጣና የያዘችውን ኤክስቴንሽን እዚያው ትገናኟታላችሁ፣ እሷን ሳታካትቱ እንዳትመለሱ።

የማራኪዋ እናት

እመጣለሁ ልጄ። መጓጓዣ አያስፈልገኝም፣ በታክሲ እደርሳለሁ። ቀኑን ብቻ አሳውቁኝ።